ወደ ደቡብ የዞረው የየሩሳሌም መንገድ



ስለ ሱዳን መንገድ ብዙ ተብሏል፣ ይገባልም። ስለ ዘመቻ ሰሎሞን አውሮፕላኖችም ልጆቻችን በትምህርት ቤት ይማራሉ፤ 36 ሰዓት፣ ከ14 ሺህ በላይ ሰው፣ ወንበሩ የተነቀለ ጃምቦ። እኛ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ከጎንደር የወጣነው ልጆች ግን መጀመሪያ የተሳፈርነው አውሮፕላን ላይ አይደለም። አውቶቡስ ላይ ነው፤ አንዳንዶቻችን ደግሞ ጭነት መኪና ላይ፣ ከጆንያና ከጄሪካን ጋር። ያ መንገድ በታሪካችን ውስጥ ሁለት መስመር እንኳ አላገኘም። «ከዚያም ወደ አዲስ አበባ መጡ» ይባልና ይታለፋል። እንዴት መጡ? በየት በኩል? የት አደሩ? ምን በሉ? የሚጠይቅ የለም።

በኅዳር 2018፣ ከሲግድ በኋላ፣ ሰባት ሆነን አንድ ሚኒባስ ተኮናትረን ያንን መንገድ ደግመን ሄድነው። ሰባታችንም በልጅነታችን ያለፍንበት ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከጎንደር ተነስተን ማታ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ አዲስ አበባ ገባን። 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዛሬ አስፋልት ስለሆነ በአንድ ቀን ይገፋል። ያኔ ግን ከጎንደር እስከ ደብረ ማርቆስና ከዚያም ወዲህ አብዛኛው ጠጠር ነበር፣ አውቶቡስም በሌሊት አይሄድም፣ ስለዚህ መንገድ ላይ ማደር ግድ ነው። መኪናው ከተበላሸ ደግሞ ሁለት ሌሊት።

የላኩን የአንዳችን አክስት ናቸው ማለት ይቻላል። ስማቸውን አንጠራም። ጎንደር እንደምንሄድ ሲሰሙ «ቤቱንም እዩ፣ መቃብሩንም እዩ፣ እኔ ግን የምፈልገው ሌላ ነው» አሉን። በ1990 ሲመጡ የአራት ወር ሴት ልጅ ታቅፈው ነበር። ልጅቷ መንገድ ላይ ሞተች። ባደሩበት ከተማ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ተቀበረች። የከተማውን ስም አያውቁም። «ከመናኸሪያው ጀርባ ባሕር ዛፍ አለ፣ ወረድ ብሎ ትንሽ ወንዝ አለ፣ ከማዶ ወፍጮ ይጮሃል» አሉን። ጎጃም ነው ከማለት በቀር ሌላ የሚያውቁት የለም።

ነገሩን ከሥሩ እናንሳው።

አባቶቻችን የየሩሳሌም አቅጣጫ ይታወቃቸው ነበር፤ ሲጸልዩ ወደዚያ ዞረው ነው። በ1862 አባ ማሕሪ ሕዝቡን አስነስተው ሲወጡ የሄዱት ወደ ሰሜን፣ ወደ ትግራይ ነው፤ ባሕሩ ይከፈልልናል ብለው። ረሃብና በሽታ ብዙውን ጨረሰው፣ የተረፈው ተመለሰ። በ1984 መንገዱ ወደ ምዕራብ ነበር፣ ወደ ሱዳን። በዚያ ጉዞና በካምፖቹ ወደ 4 ሺህ የሚሆን ወገናችን እንዳለቀ ይገመታል። በ1990 ግን የየሩሳሌም መንገድ ወደ ደቡብ ዞረ። ዘመድ ወደሌለን አገር፣ በጎጃም አድርጎ፣ በአባይ በረሃ ወርዶ። ለሽማግሌዎቹ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። አንድ አባት ከዓመታት በኋላ እንደነገሩን፣ መኪናው አዘዞን አልፎ ወደ ታች ሲዞር አጠገባቸው የተቀመጡት ቄስ ዞር ብለው የኋላውን መስኮት ማየት ጀመሩ፤ «ጀርባችንን ሰጥተናት ነው እንዴ ወደሷ የምንሄደው?» አሉ።

ለምን ወደ ደቡብ ሆነ? በ1973 የተቋረጠው የኢትዮጵያና የእስራኤል ግንኙነት በኅዳር 1989 ታደሰ፤ አዲስ አበባ የእስራኤል ኤምባሲ ተከፈተ። በሕጋዊ መንገድ መውጣት የሚቻለው ከዚያ ብቻ ሆነ። በ1990 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ የኢትዮጵያ አይሁዶች ማኅበር፣ በአዲስ አበባ ተወካዩ በሱዛን ፖላክ በኩል፣ ሕዝቡን ከጎንደር ወደ ዋና ከተማው ማጓጓዝ ጀመረ። ወሬው ከመንደር መንደር በረረ። ከዚያ በኋላ ማንም የሚያቆመው አልነበረም፤ በማኅበሩ መኪናም፣ በራሱ ገንዘብም፣ በሬውን ሸጦም ሰው ወረደ። በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 20 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ አዲስ አበባ ተከማቸ።

ይህ ልክ ነበር ወይስ ስህተት? እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። መጠለያ ሳይዘጋጅ፣ ሐኪም ሳይኖር፣ ገበሬን ከነልጆቹ አምጥቶ ከተማ ላይ መጣል ኃጢአት ነው የሚሉ አሉ፤ በዚያ ክረምት የሞቱትን ሕፃናት እየቆጠሩ ነው የሚናገሩት፣ አይፈረድባቸውም። እኛ ግን ሌላውን እናያለን። በ1991 የካቲትና መጋቢት ኢሕአዴግ ጎንደርንና ጎጃምን ያዘ፤ መንገዱ ጦር ሜዳ ሆነ። ያኔ ገና መንደራችን ብንሆን ኖሮ በግንቦት አውሮፕላኖቹ ሲመጡ እኛ ከግንባሩ ማዶ ነበርን። ለዚህ ምስክር የሚሆኑት የቋራ ሰዎች ናቸው። የነሱ መንገድ በ1990 አልተከፈተም፤ የታችኛው ቋራ ወገኖቻችን እዚህ የደረሱት በ1999 ነው። የአንድ መንገድ መከፈትና መዘጋት ስንት ዓመት እንደሚያስከፍል ከዚህ ይታያል።

እንግዲህ ወደ ጉዟችን።

ከጎንደር ሲወጡ አዘዞ፣ ጠዳ፣ ማክሰኚት፣ እንፍራዝ። ጨለማ ነበር፣ ሾፌሩ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ ከፍቷል። ያኔም በሌሊት ነበር የተነሳነው፣ ግን በሌላ ምክንያት። በደርግ ጊዜ ከአውራጃ አውራጃ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀት ያለውም የሌለውም ተደባልቆ ነው የሚሳፈረው። ለልጆች የተነገረን አንድ ነገር ነው፦ ማንም ቢጠይቃችሁ ዘመድ ጥየቃ ነው የምንሄደው በሉ። «የሩሳሌም» የሚለውን ቃል እንዳታነሱ። እድሜ ልካችንን ስንዘፍንለት የኖርነውን ስም፣ ወደሱ መሄድ በጀመርንበት ቀን ዝም እንድንልበት ተነገረን። ይኸው ዝምታ ነው እንግዲህ የከተሞቹን ስም ያስጠፋን፤ መንገደኛ መስኮት ከፍቶ «ይህ ማን ይባላል?» ብሎ ሲጠይቅ ነው አገር የሚያውቀው።

እንፍራዝ ላይ ጎህ ቀደደ። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ ይታያል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት እንደሆነ ይነገራል። ሠርፀ ድንግል ማለት በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስሜን ላይ ከራዳይና ከጉሼን ጋር የተዋጉት ንጉሥ ናቸው፤ አያቶቻችን ተማርከው ከመገዛት ገደል መግባትን የመረጡት በዚያ ጦርነት ነው። በ1990 በዚህ ግንብ ሥር ያለፈው አውቶቡስ ውስጥ ስንቱ ይህን ያውቅ ነበር? ቄሶቹ ታሪኩን ያውቁ ይሆናል፣ ግንቡን ግን ማን አሳያቸው? ሚኒባሷን አስቁመን ወርደን አየነው። አንዲት እህታችን «ታዲያ ማን አሸነፈ?» አለችና ሁላችንም ሳቅን። ሾፌሩ ምን እንዳሳቀን አልገባውም።

አዲስ ዘመን፣ ከዚያ ወረታ። ወረታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በግራ ወደ ደብረ ታቦር፣ በቀጥታ ወደ ባሕር ዳር። ደብረ ታቦር በ1989 መጨረሻ በኢሕአዴግ እጅ ገብታ ነበር፣ በ1990 መጀመሪያ አካባቢው ጦርነት ነበር። ስለዚህ ወረታ ላይ የነበረው ፍተሻ ሌላ ነው። ሁላችን ውረዱ ተባልን፣ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በአንድ ወገን። አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት የሆናቸው ወንዶች በጣም ፈርተው ነበር፤ አፈሳ አለ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ይወስዷቸዋል። ከሰባታችን አንዱ የታላቅ ወንድሙን ነገር አጫወተን። እናቱ ነጠላ አከናንባ፣ የሕፃን ልጅ አሳዝላ፣ ከሴቶቹ ወገን አቁማው ነው ያለፈው። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፤ ይህን ታሪክ ግን በሰው ፊት ሲነሳበት አይወድም።

ባሕር ዳር ከረፋዱ 3 ሰዓት ላይ ገባን። ዘንባባው፣ ጣናው፣ ሰፊው መንገድ። ለኛ ለልጆቹ ባሕር ዳር ማለት የኤሌክትሪክ መብራት ነበር። አንዳንዶቹ አውቶቡሶች እዚህ ነበር የሚያድሩት፣ ማታ ገብተው። ብዙዎቻችን በሕይወታችን መጀመሪያ ያየነው አምፖል መናኸሪያው በር ላይ የተሰቀለው ነው። ከሰባታችን ሦስቱ ይህን ሳይነጋገሩ አንድ ዓይነት አድርገው አወሩት። አምፖሉን የከበቡትን የሌሊት ወፎች ሳይቀር።

ከባሕር ዳር በኋላ ጎጃም ነው። መራዊ፣ ዱርቤቴ፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ደምበጫ፣ ደብረ ማርቆስ። አገሩ ሌላ ነው። የጤፍ አጨዳ ላይ ደረስን፣ መስኩ ሁሉ ወርቅ ነው። አክስት የነገሩንን ከተማ መፈለግ የጀመርነውም ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ስለ መቀመጫው ማውራት አለብን፤ ከሁሉም በላይ የተረሳው ይኸው ነውና። መንደራችን ውስጥ ሕግ ነበር። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት የመርገም ጎጆ ትገባለች። የወለደች ሴት ለወንድ 40፣ ለሴት ልጅ 80 ቀን የአራስ ጎጆ ትቀመጣለች። ሌላ ሰው የጋገረውን አንበላም። ከሌላ ሰው ጋር ከተነካካን ሳንታጠብ ቤት አንገባም። አሁን ያንን ሁሉ ሕግ ስልሳና ሰባ ሰው በተጫነበት አውቶቡስ ውስጥ ክተቱት። አራሷ የት ትቀመጥ? የወር አበባዋ መንገድ ላይ የመጣባት ልጃገረድ ለማን ትንገር? ቄሱ ከማን አጠገብ ይቀመጡ? እናቶቻችን ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ከኋላ ያለውን ወንበር ለሴቶቹ ለመተው የሞከሩ አሉ። ግን ከኋላ ሌሎች ተሳፋሪዎችም ነበሩ፣ በግም ነበረ። አንዲት እናት «ሕጋችን የፈረሰው እስራኤል አይደለም፣ ዳንግላ ሳንደርስ ነው» ብለውናል። እኛ መርካዝ ክሊጣ ውስጥ ወላጆቻችን ግራ ሲጋቡ አይተን፣ ነገሩ እዚህ የተጀመረ መስሎን ነበር። እዚህ ደግሞ ይህን የሚጠይቅ ቅጽ የለም። በሥራችን ለአንድ ቤተሰብ ፋይል ስንከፍት «የዓሊያ ዓመት» የሚል ሳጥን አለ፤ 1991 ብለን እንሞላለን። ከመንደሩ የወጣበት ቀን የሚል ሳጥን የለም። ሰውየው ከእርሻው፣ ከወንዙ፣ ከሥልጣኑ የተለየው በግንቦት 1991 አይደለም፣ ከዚያ አንድ ዓመት በፊት ነው። ያንን ዓመት የዘለለ ሰው የነዚያን አባቶች ዝምታ «የባህል ልዩነት» ይለዋል።

ስንቅም ነበር። ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ በሶ፣ ውሃ በጄሪካን። በሁለተኛው ቀን ዳቦው ሻገተ፣ ውሃው አለቀ። ፍሬ ችግር የለውም ተብሎ ሙዝና ሸንኮራ ተገዛ። ሎሚ ደግሞ ለማስታወክ፤ መኪና ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው ያ ሁሉ ጠመዝማዛ አዙሮት፣ ምች ይመታናል ተብሎ መስኮቱ ተዘግቶ። የዚያ አውቶቡስ ሽታ እስከ ዛሬ አለ፤ ሎሚ፣ ናፍጣና ትውከት። ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ወይም ቡሬ ላይ (ተከራክረንበታል)፣ የአንዳችን አያት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሻይ ቤት ብርጭቆ ሻይ ጠጡ። ብርጭቆውን ሦስቴ አጠቡት፣ ከዚያ ጠጡት፣ ከዚያ አለቀሱ። እኛ በ2018 እዚያው ከተማ ሻይና ፓስቲ በልተን፣ ከሾፌሩ ጋር ፎቶ ተነሥተን ሄድን።

እንጅባራ ላይ አንድ መገንጠያ አለ፣ ወደ ቻግኒና ወደ መተከል የሚወስድ። በ1990 ለብዙ ሽማግሌዎች የጭንቀቱ ቦታ ይህ ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ደርግ ሰውን በግድ እየጫነ ወደ ፓዌ ሰፈራ ሲወስድ አይተዋል። «የሩሳሌም ብለው ሰፈራ ሊያወርዱን ነው» የሚል ወሬ አውቶቡሱ ውስጥ ተነሣ። መኪናው መገንጠያውን አልፎ ቀጥ ሲል እልል ያለች ሴት ነበረች፤ ዝም በይ ተባለች። ይህን ለልጆቻችን ስናወራ አይገባቸውም። ወደ ተስፋ ምድር እየሄደ ሰው እንዴት ይህን ያህል ይፈራል ይላሉ። ይፈራል እንጂ! ያ መንግሥት በመኪና ጭኖ የወሰደውን ሰው ለመልካም ሲወስድ ማን አይቶ ያውቃል?

አክስት ያሉትን ምልክት ይዘን ሦስት ከተማ ወረድን። ቡሬ ላይ የድሮው መናኸሪያ የት ነበር ብለን አንድ ሽማግሌ ጠየቅን፤ ወስደው አሳዩን፣ አሁን ሱቅ ተሠርቶበታል። ከጀርባው ባሕር ዛፍ የለም። ደምበጫ ላይ ባሕር ዛፍም፣ ወንዝም፣ ወፍጮም አገኘን፤ ግን ወፍጮው ከተተከለ አሥር ዓመቱ ነው አሉን። ደብረ ማርቆስ ትልቅ ከተማ ሆናለች፤ የቱን ከየቱ ትለያለህ? ጎጃም ውስጥ ደግሞ ባሕር ዛፍ፣ ትንሽ ወንዝና ወፍጮ የሌለው ከተማ ፈልጎ ማግኘት ነው የሚከብደው። አንዲት ቡና የምትሸጥ ሴት ምን እንደምንፈልግ ጠይቃን ነገርናት። ሲኒውን አስቀምጣ «እናትየው በሕይወት አሉ?» አለች። አሉ አልናት። የቡናውን ሂሳብ አልቀበልም አለች።

ከደብረ ማርቆስ በኋላ ሉማሜ፣ የትኖራ፣ ደጀን። ከደጀን በታች አገሩ ድንገት ያልቅና አባይ በረሃ ይጀምራል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል መውጣት፤ ከደጀን ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው ድልድይ አለ፣ በ2008 የተመረቀው። ከጎኑ ያለው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ድልድይ ነው የኛ። ያኔ ወታደር ይጠብቀዋል፣ መቆም የለም፣ ማየትም እንደ ወንጀል ነው። ሙቀቱ ደጋ ለለመደ ሰው እቶን ነው። ወንዝ ዳር ለኖርን፣ በየሳምንቱ ለሰንበት ወንዝ ወርደን ለምንጠመቅ ሰዎች፣ ያን የሚያህል ውሃ ሳይነኩ ማለፍ ከበደ። አንድ አባት ሾፌሩን «ልጄ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እጄን ላስነካ» ብለው ለመኑት። እሱ ምን ያድርግ፤ ወታደሩ ያያል። በ2018 እኛም አላቆምንም፣ እዚያ ላይ አሁንም ጥበቃ አለ። ከላይ፣ ጎሐ ጽዮን ልንደርስ ስንል፣ ወርደን ዝንጀሮዎቹን እያየን ቆየን። ማንም አልተናገረም። ከተማዋን ጎሐ ጽዮን ብሎ የሰየማት ሰው እኛን አስቦ አይደለም፤ ግን አንድ ቄስ በ1990 የከተማዋን ስም ሲሰሙ እጃቸውን ዘርግተው ባረኩ ይባላል። በመንገዱ ሁሉ ሰው ስሙን ያስታወሰው ከተማ ይህ አንዱ ብቻ ነው። ከማን እንደሰሙ እግዚአብሔር ይወቅ።

ከዚያ ሰላሌ ነው። ገብረ ጉራቻ፣ ደብረ ጽጌ፣ ሙከጡሪ፣ ጫንጮ፣ ሱሉልታ። ሜዳው ሰፊ፣ ነፋሱ ብርድ፣ ሰዉ ኦሮምኛ ተናጋሪ። ብዙ ታሪክ የለንም እዚህ፤ ያኔ ሁሉም ደክሞት ተኝቶ ነበር። እንጦጦን ዞረን በጎጃም በር በኩል ወደ አዲሱ ገበያ ስንወርድ መብራቱ ከታች ተዘርግቶ ታየ። ልጅ ሆነን ይህንኑ ብርሃን ስናይ «የሩሳሌም ደረስን?» ብለን የጠየቅን አንድ ሁለት ሰው አንሆንም። ሳቁብን። አንዳንድ አባቶች ግን አልሳቁም፤ እነሱም ለትንሽ ጊዜ እንደዚያ መስሏቸው ነበር።

የአዲስ አበባው ዓመት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። በአንድ የጭቃ ቤት ክፍል ሦስት ቤተሰብ፣ ክረምቱ፣ ኩፍኙ፣ የኤምባሲው ግቢ ሰልፍ። ጆይንት ክሊኒክና ትምህርት ቤት ከፍቶ ሞቱ እስኪቀንስ ድረስ በየቀኑ ለቅሶ ነበር። የዚያ ክረምት ሙታን አዲስ አበባ ቀርተዋል። መንገድ ላይ የሞቱት ደግሞ እንኳን ስማቸው ቦታቸውም አይታወቅም። በሄርጽል ተራራ ያለው መታሰቢያ በሱዳን መንገድ ለወደቁት ነው፤ የነሱን ክብር ለመሻማት አይደለም ይህን የምንጽፈው። ግን ለዚህኛው መንገድ ድንጋይ ይቅርና ዝርዝር እንኳ የለም።

ሳንሳፈር የቀሩትም አሉ። አውቶቡሱ ሲነሳ መናኸሪያው በር ላይ ቆመው የሸኙን፣ ክርስቲያን ያገቡ ወይም አባታቸው የተጠመቁ ዘመዶቻችን። ኋላ አዲስ አበባ ድረስ የተከተሉንም ነበሩ፤ በግንቦት 1991 ግን አውሮፕላኑ ሳይወስዳቸው ቀረ። ከሰባታችን የሁለታችን አክስቶች ዛሬም ጎንደር ናቸው። ያን ጊዜ ሄደን ቡና አፍልተውልናል። አሁን ግን ክልሉ ውስጥ ባለው ጦርነት ምክንያት ያ መንገድ እንደልብ አይኬድበትም፤ በ2018 ያደረግነውን ጉዞ ዛሬ ድገሙት ብትሉን አንችልም።

ስንመለስ አክስት ዘንድ ሄድን። ከተሞቹን በቅደም ተከተል ጽፈን አነበብንላቸው፤ መራዊ፣ ዱርቤቴ፣ ዳንግላ… በአንዱም ላይ ቁሙ አላሉንም። ካርታውን በስልክ አሳየናቸው፣ አልገባቸውም። ከዚያ ከዚህ በፊት ነግረውን የማያውቁትን ነገሩን። ልጅቷ የሞተችው ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ጉዞ ላይ። ከአውቶቡሱ ያወርዱናል ብለው ፈርተው እስከ ማታ እንደተኛች አድርገው ታቀፏት። ለባላቸውም አልነገሩም። ሌሊት የመናኸሪያው ዘበኛ መቆፈሪያ አመጣ፣ ከወንዶቹ ጋር ሆኖ ቆፈረ። የዘበኛው ሚስት ከጎጆዋ አዲስ ነጠላ አውጥታ ሰጠቻቸው፤ በዚያ ተጠቀለለች። «ክርስቲያን ናት፣ አታውቀኝም፣ ለበዓል ያስቀመጠችው ነጠላ ነው» አሉን። «ስሟን እንኳ አልጠየቅኋት። ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ፣ ተሳፈርን።»

ልጅቷስ ስሟ ማን ነበር ብለን ጠየቅናቸው። ነገሩን። እንድንጽፈው ግን አልፈቀዱም፣ እኛም አንጽፈውም።

በ1990 በዚያ መንገድ የመጣችሁ፣ ወይም እናት አባታችሁ የመጡ፣ እባካችሁ ጻፉልን፦ ከየት መንደር ተነሣችሁ፣ በምን መኪና፣ በስንተኛው ቀን ደረሳችሁ፣ የት አደራችሁ፣ ማን አስተናገዳችሁ፣ መንገድ ላይ ማን ቀረ። የከተማውን ስም የማታውቁ ከሆነ ያያችሁትን ምልክት ጻፉ፤ ዛፉን፣ ወንዙን፣ ድልድዩን፣ የመናኸሪያውን በር። መጻፍ የማይችሉ አባቶችና እናቶች ካሉ በድምፅ ቀድታችሁ ላኩልን፣ እኛ እንጽፈዋለን። ጎጃም ውስጥ ትንሽ ወንዝ ማዶ ወፍጮ ከሚጮህበት መናኸሪያ ያደራችሁ ካላችሁ ደግሞ በተለይ እናንተን እንፈልጋለን።